ሲታር ፍለጋ

ሲታር የተባለው የሕንድ ባለ አውታር መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። እንጨቱ ላይ የተቀረጸው ሐረግ፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ የተለጠፈው ነጭ ሴሉሎይድ፣ ፊት የሚያሳየው ቫርኒሽ፣ ሁሉም ያምራል። ባለሱቁም ይህን ስለሚያውቅ በጣም ያጌጠውን ከፊት ይሰቅለዋል፤ ዋጋውንም አብሮ ይሰቅለዋል። የሲታርን ድምፅ የምትወስነው ግን ከሆዱ ላይ የተቀመጠች፣ ሁለት ሦስት ጣት የምትሰፋ የአጥንት ቁራጭ ናት። በአቅሙ ጥሩ ሲታር ማግኘት የሚፈልግ ሰው ከጌጡ ቀንሶ እዚያች ቁራጭ ላይ ይጨምር ባይ ነኝ።

አውታሮቹ የሚሻገሩት በእሷ ላይ ነው። በጊታር ወይም በቫዮሊን ላይ አውታሩ የሚያርፈው ቀጭን ጠርዝ ላይ ስለሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። የሲታሯ ቁራጭ ግን ገበታ ፊት ናት። ዓይን እምብዛም የማያየው ቁልቁለት አላት፤ አውታሩ በተነዘረ ቁጥር ቁልቁለቱን ደጋግሞ ይልሰዋል፤ ያ የምናውቀው ዝዝታ የሚወለደው ከዚህ ንክኪ ነው። ሕንዶቹ ይህን አሠራር ጃዋሪ ይሉታል። ቁልቁለቱ ሲያንስ ድምፁ ይከፈታል፣ ያብረቀርቃል፤ ሲበዛ ይከደናል፣ ይለሰልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስት የሞረድ ጭረት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጆሮ ባለውለታው ነው። በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ያደገ ሰው ይህ ዝዝታ እንግዳ አይሆንበትም። ጅማቶቹ በሚሻገሩበት በበገናው በርኩማና በጅማቱ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ደርዳሪው ገፋ ሳብ እያደረገ ቦታዋን ሲያገኝላት ደረቁ ጅማት በድንገት ነፍስ ይዘራል። ሕንዶች ዘንድ ከዘፋኙ ኋላ ተቀምጦ ያንኑ ድምፅ እየደጋገመ ሳያቋርጥ የሚያሰማ ታንፑራ የሚባል ባለ አራት አውታር መሣሪያ አለ። የታንፑራ ተጫዋች ደግሞ በአውታሩና በአጥንቱ መካከል የጥጥ ክር ያስገባና ልክ እንደ በገና ደርዳሪው ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ቆዳና ክር፣ ጅማትና ሽቦ ይለያዩ እንጂ ጆሮው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። እንዚራ ቦታዋን ስትስት የሚሰማውን ሙት ድምፅ የሚለይ ሰው፣ ጃዋሪው የተበላሸ ሲታርንም ማንም ሳያስተምረው ይለያል። ይህን ሀብት ይዞ ሱቅ ገብቶ በዓይኑ ብቻ የሚገዛ ወገን ያሳዝነኛል።

ከየት ይገዛ ለሚለው፣ ሕንድ አገር ለትምህርት የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። በማሃራሽትራ ግዛት፣ ፑኔ አካባቢ ያለ ሰው ወደ ደቡብ በባቡር ቢወርድ ሚራጅ የምትባል ከተማ ይደርሳል። ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ይልቅ ሚራጅን የምመክረው ገዢው ሠሪውንና ሥራውን አንድ ላይ ስለሚያገኝ ነው። የሚራጅ ሲታር ሠሪዎች ቀድሞ ሰይፍ የሚሠሩና የሚስሉ ቤተሰቦች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መሣሪያው ገበያ ሲቀዘቅዝ እጃቸውን ወደ አውታር አዞሩ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ዛሬ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሕንድ መንግሥት ለሚራጅ ሲታርና ታንፑራ የትውልድ ቦታ መለያ እውቅና ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፈው ታላቁ ዘፋኝ አብዱል ካሪም ካንም የተቀበረው በዚህችው ከተማ ነው። የሲታሩ ሆድ የሚሆነው ቅል ከፓንዳርፑር አካባቢ ገበሬዎች ይመጣል። ለምግብ አይሆንም፤ ለሙዚቃ ብቻ ተብሎ የሚዘራ ቅል ነው። ከጣሪያ ሥር ተደርድሮ ሲደርቅ ላየው ሰው የእኛን አገር ጓዳ ያስታውሳል።

አንድ ሽማግሌ ጃዋሪ ሲሠሩ አይቻለሁ። መሬት ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው አውታሮቹን አላሉ፤ አጥንቷን አንሸራተው አወጡና በጠፍጣፋ ሞረድ ሁለቴ ብቻ ላስ ላስ አደረጓት። እፍ ብለው ብናኙን አራገፉ። መልሰው አስገብተው አውታሩን ወጥረው አንዴ መቱና ጆሯቸውን አዘንብለው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡ። እንደገና አላሉት። ይህን ስንቴ እንደደጋገሙት አላውቅም፤ ሻይ ቀረበላቸው፣ ሻዩም ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ያወጡት ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሲታሩ አንዲት ቅጠል እንኳ ያልተቀረጸበት፣ ለተማሪ ተብሎ የተሠራ ነበር። የጃዋሪ ሥራ ከሲታሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ አውታሩ አጥንቱን እየበላ ስለሚሄድም በየጊዜው መታደስ አለበት። ስለዚህ ገዢ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ከመውሰዴ በፊት ጃዋሪውን እዚህ ፊቴ ታስተካክሉልኛላችሁ?» ብሎ ነው። እሺ የሚል ቤት ይታመናል።

ደልሂና ኮልካታም ስመ ጥር ቤቶች አሏቸው። በደልሂ ያለው ሪኪ ራም መጀመሪያ ላሆር የነበረ፣ ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የተሰደደ ቤት ነው። የቢትልስ ባንዱ ጆርጅ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1965 «ኖርዌጂያን ዉድ» በተባለው ዘፈን ላይ የተጫወተው ለንደን ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ካለ የሕንድ ዕቃ መሸጫ የገዛውን ርካሽ ሲታር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ደልሂ ድረስ ሄዶ ከሪኪ ራም ቤት ደህናውን ወሰደ። ርካሽ ሲታርም ታሪክ ይሠራል ማለት ይቻላል። ሆኖም በጥቂት ሺህ ሩፒ ለቱሪስት የሚሸጠው አብዛኛው እንጨቱ ያልደረቀ፣ መቃኛው የማይዝ የግድግዳ ጌጥ ነው። ለመማሪያ የሚበቃው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሩፒ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ገንዘብ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ድምፅ ይገዛል፣ ቀጥሎ ያለው ቅርጽ ይገዛል።

ገዢ መምህር ካለው የትኛውን ዓይነት እንደሚጫወት አስቀድሞ ይጠይቀው። የሲታር ተጫዋቹን የራቪ ሻንካርን ስልት የሚከተለው ሲታር ወፍራም የታች ድምፅ የሚሰጡ ተጨማሪ አውታሮች አሉት፤ የሌላውን ተጫዋች የቪላያት ካንን ስልት የሚከተለው እነሱን ትቶ ወደ ሰው ድምፅ ይጠጋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መማር አድካሚ ነው።

ከዚያ ሲታሩን እንደ ጠብመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በአንገቱ ቁልቁል ይመልከት፤ አንገት የጎበጠ ሲታር በምንም ዋጋ አይወሰድ። አንገቱን የሚያቋርጡትን በክር የታሰሩ ዘንጎች፣ ፍሬቶቹን፣ አንድ በአንድ እየነካ ይስማ፤ ቦታቸውን ቢስቱ ችግር የለም፣ ይንሸራተታሉ። ዋናውን አውታር ፍሬቱ ላይ ይዞ ወደ ጎን ይሳበው። ደህና ሲታር ድምፁን እስከ አምስተኛው ኖታ ድረስ ሳይሰብር ይወጣል። በመጨረሻ ዋናውን አውታር መትቶ ወዲያው በመዳፉ ያፍነው። ከፍሬቶቹ ሥር እምብዛም የማይመቱ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሦስት ቀጫጭን አውታሮች አሉ፤ በደንብ ከተቃኙ የታፈነውን ድምፅ ተቀብለው እነሱ ይቀጥሉታል። ያ ማስተጋባት ካልመጣ ሲታሩ ደንቁሯል ማለት ነው።

ያገለገለ ሲታር መናቅ አይገባም። እንጨቱ ከረምረም ብሎ ስለደረቀ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የተሻለ ይናገራል፤ የቅሉን ስንጥቅና ቅሉ ከአንገቱ የሚጋጠምበትን ቦታ አይቶ መውሰድ ነው። አጥንቷ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከአጋዘን ቀንድ የተሠራች ከሆነች ግን ይተዋት፤ የዝሆኑ በዓለም፣ የቀንዱ በሕንድ ሕግ ድንበር እንዳይሻገር ተከልክሏል። የግመል አጥንት ወይም ሰው ሠራሹ ይበቃል፤ ሰው ሠራሹ እንዲያውም ቶሎ አይበላም።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሲታር ከእርጥብ አየር ወደ ደረቅ ደጋ ነው የሚወጣው። በአውሮፕላን ሲጫን አውታሮቹ ላላ ይበሉ፤ ማስቀመጫው ፋይበርግላስ ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ሲደርስ እንጨቱ ስለሚኮማተር መቃኛዎቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። ትንሽ ጠመኔ ማሸት ይይዛቸዋል። እዚህ ገበያ ላይ ስለማይገኝ መለዋወጫ አውታርና በጣት የሚጠለቀውን የሽቦ መምቻ፣ ሚዝራብን፣ ከዚያው በዛ አድርጎ መያዝ ነው፤ ሚዝራቡ ጣት ላይ ጠበቅ ማለት ስላለበት እዚያው በራስ ጣት ተለክቶ ይገዛ።