ቤቱን የተሸከሙት ሴቶች

ኤድንብራ ፕሪንስስ ጎዳና ላይ ያለው የጄነርስ መደብር ሕንፃ ከልቤ አይወጣም። ሱቁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው፤ የፈረስ ውድድር ለማየት ከሥራ ቀርተው የተባረሩ ሁለት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኞች መሠረቱት ይባላል። በ1892 እሳት በላው። ዛሬ የቆመውን ዊልያም ሃሚልተን ቢቲ ነደፈው፤ በ1895 ተከፈተ። የኤሌክትሪክ መብራትና በውሃ ግፊት የሚሠሩ አሳንሰሮች ነበሩት። መሐሉ ላይ ደግሞ ዙሪያውን በእንጨት ሰገነት የተከበበ፣ ብርሃን ከጣሪያው የሚወርድለት ሰፊ አዳራሽ አለ።

እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ ግን የፊቱ ግድግዳ ነው። ከድንጋይ የተቀረጹ ሴቶች ምሰሶ ሆነው ፎቁን ተሸክመዋል። ሐሳቡ የቤቱ ደጋፊዎች ሴቶች መሆናቸውን ማሳየት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቻርልስ ጄነር ሕንፃው ሳያልቅ በ1893 አረፈ፤ ለፊቱ ጌጥ ግን ገንዘብ ተናዞለት ነበር። አንድ ነጋዴ ከሞቱ በኋላ እንዲኖር የፈለገው ነገር የደንበኞቹ ክብር ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል።

መደብሩ በ2021 ሕንፃውን ለቆ ወጣ። በጥር 2023 ሕንፃው ውስጥ እሳት ተነሥቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕይወቱን አጣ። ነፍሱን ይማር። አሁን ሆቴልና ሱቆች ሊሆን እየታደሰ ነው፤ ያ አዳራሽ ለማንም መንገደኛ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ከልቤ እመኛለሁ።