ድፍርስ ውሃ የሚቀዳ አባት

ልጅ በአባቱ የሚኮራበት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል። ሹፌር ነው፤ መምህር ነው፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ነው የሚሠራው። «አባቴ ዶፍ ሲወርድ ወንዝ ወርዶ ድፍርስ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል» ያለ ልጅ ግን ገና ብዙ ማስረዳት ይጠብቀዋል።

ከደሴ በስተ ደቡብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ማይባር ላይ፣ ይህ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ጣቢያ የተከሉት እዚያ ነው። አንዲት ጥድና አንጀኒ የሚባሉት ጣቢያዎች በኋላ መጡ። ጥያቄው ከባድ አይመስልም፤ 113 ሄክታር ገደማ በሆነው ተዳፋት ላይ ስንት ዝናብ ጣለ፣ ስንቱ በወንዙ ወረደ፣ ስንት አፈርስ ይዞ ሄደ?

መልሱን የሚያመጣው ጠርሙሱን የያዘው ሰው ነው። ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳል፤ እየጠራ ሲሄድ በየ30 ደቂቃው፣ ኩልል እስኪል ድረስ። የተቀዳው በማጣሪያ ወረቀት ያልፋል፣ የቀረው ደለል ደርቆ ይመዘናል፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሲያነቡት ቀላል ነው። የወሎን ደጋ ክረምት የሚያውቅ ግን ነገሩ ይገባዋል፤ መብረቁ አለ፣ በረዶው አለ፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ አንዳንዱ ጎርፍ የሚመጣው በጨለማ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። 10 ደቂቃ ደግሞ ቤት ገብቶ እሳት ሞቆ ለመመለስ አትበቃም። ውሃው መቼ ደፈረሰ፣ መቼስ ጠራ የሚለውን የሚወስነውም የገዛ ዓይኑ ነው።

ዝናብ ያልጣለ ቀንም ይመዘገባል፤ ዜሮ ተብሎ። የ77ቱ ድርቅ ወሎን ሲፈጀው ጣቢያው ሥራ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ባዶ መስፈሪያ እያዩ ዜሮ መጻፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የጻፈው ብቻ ነው።

ስዊሱ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ዓለም አቀፉን የአፈር መሸርሸር ቀመር ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ያበጀው እንዲህ ባለ ልኬት ላይ ቆሞ ነው። ከእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው ግምትም የእሱ ነው፤ ዛሬ የእርከን ሥራ በተነሳበት ሰነድና ስብሰባ ሁሉ ይጠቀሳል። ጠቃሹ ሁርኒን ይጠራል፤ ተገቢም ነው። ውሃ ቀጂው፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ «የመስክ ረዳቶች» በሚለው የምስጋና መስመር ውስጥ ይገኛል።

ልጁ ኮምቦልቻ ወርዶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቢገባና ለመመረቂያ ጽሑፉ የማይባርን መረጃ ቢከፍት፣ ኮምፒውተር ላይ የተደረደረው ቁጥር አባቱ ቆፈን በያዘው እጅ የመዘገበው ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ይህን ከየት ያውቃል? ኩራት እዚህ ላይ ዘግይቶ፣ ያውም በሠንጠረዥ መልክ ይመጣል።

አባትየው ግን 42ቱን ቢያሳዩት መጀመሪያ የሚጠይቀው የየትኛው ማሳ እንደሆነ ሳይሆን አይቀርም። እህል የተዘራበትና ሣር የለበሰው አንድ እንዳልሆኑ በሚዛን አይቶታል።