የባላገር ጭምብል

ሳቅ ከፍጥረት ሁሉ ለሰው ልጅ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ሳቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰው ጋር የሚሳቅ ሳቅ አለ፤ በሰው ላይ የሚሳቅ ሳቅም አለ። የፊተኛው ሰውን ከሰው ያቀራርባል፤ የኋለኛው ግን ሳቂውን ከፍ ያደረገ እየመሰለ የሚሳቅበትን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ የኮሜዲ ቴአትር መልካም መሆኑንና አለመሆኑን ሊመረምር የሚፈልግ ሰው፣ ጭብጨባውን ከማዳመጡ በፊት የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ ቢመለከት የተሻለ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ ጀምሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ከጉና ተራራ ሥር ገብስ የሚያርሰው ደገኛ፣ ከበሽሎ ሸለቆ ማሽላ የሚያመርተው ቆለኛ፣ ሁሉም አቤቱታውን ይዞ በጠረጴዛዬ ፊት ይቆማል። አንዱ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ያመጣዋል፤ ሌላው በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ ሦስተኛው በምሳሌ ብቻ ተናግሮ ትርጉሙን ለጸሐፊው ይተወዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ባላገር በአንድ ዓይነት አነጋገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

በመድረክ ላይ ያየሁት ባላገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ በተደረገ በዓል ላይ አጭር ኮሜዲ ቀርቦ ነበር። ተዋናዩ ፊቱን አመድ ተቀብቶ፣ የተቀዳደደ ጋቢ ለብሶ፣ ወፍራም ዱላ ይዞ ወጣና ከስማዳ መምጣቱን ተናገረ። አዳራሹ ከዚህ የበለጠ ቃል ሳይጠብቅ በሳቅ ተናወጠ። ቀጥሎም ሰውዬው ለድምፅ ማጉያው እጅ ነሣ፤ የኤሌክትሪኩን መብራት እፍ ብሎ ለማጥፋት ሞከረ፤ የቀረበለትን ምሳ ሁሉ ጠራርጎ በላ። በበሩ አጠገብ ልጁን ለማየት የመጣ አንድ እውነተኛ ገበሬ ቆሞ ነበር። እሱም የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ አስጠግቶ ከሰዉ ጋር ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲል ግን በእጁ የያዘውን ዱላ አንድ ጊዜ ተመለከተና ቀስ ብሎ ከበሩ ኋላ አስቀመጠው።

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ኮሜዲ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። በንባቤም ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ኢጣልያ ሲባል ለብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚታወሰን ዐድዋና የአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነት ብቻ አይጻፍምና፣ ከዚያች አገር ጸሐፊዎች መካከል የአንዱን ሥራ መመልከት ለእኛም ይጠቅማል።

በኢጣልያ አገር ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የኖረ የኮሜዲ ዓይነት ነበር። ተዋንያኑ በጽሑፍ የተዘጋጀ ንግግር አልነበራቸውም። የታሪኩን አካሄድ ብቻ የሚያመለክት አጭር ወረቀት ከመድረኩ ጀርባ ይንጠለጠላል፤ ቃሉን ግን እያንዳንዱ እዚያው በተመልካች ፊት ይፈጥረዋል። ከተዋንያኑም ብዙዎቹ ከቆዳ የተሠራ ጭምብል ያጠልቃሉ። ጰንጠሎኔ የተባለው ስስታም የቬኒስ ነጋዴ ነው፤ ዶቶሬ የተባለው የቦሎኛ ለፍላፊ ሊቅ ነው፤ አርሌኪኖና ብሪጌላ የተባሉት አሽከሮች ደግሞ ከቤርጋሞ ተራራ የወረዱ ባላገሮች ናቸው። ቤርጋሞ ድኻ ተራራማ አገር ስለነበረ፣ ሰዎቹ ወደ ቬኒስ እየወረዱ በተሸካሚነትና በሎሌነት ይተዳደሩ ነበር። የቬኒስ ሰው ቀን ዕቃውን ባሸከመው ሰው አነጋገርና ረኀብ ማታ በቴአትር ቤት ይስቅበታል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ የእኛው ባለ አመድ ፊት በዚህ ጭምብል ሥር አይታይህምን?

ካርሎ ጎልዶኒ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. በዚችው በቬኒስ ከተማ ተወለደ። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ልቡ ግን ከቴአትር አልተለየም። ያሰበውን ማሻሻያ ያመጣው በአንድ ቀን አዋጅ ሳይሆን በትዕግሥት፣ ደረጃ በደረጃ ነው። በ1738 ዓ.ም. ባቀረበው ኮሜዲ የዋናውን ሰው ንግግር ብቻ ጽፎ የቀረውን ለተዋንያኑ ተወ። በ1743 ዓ.ም. ግን የሁሉንም ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈ። ከዚያም በ1750 ዓ.ም. በአንድ የቴአትር ወራት ውስጥ 16 አዳዲስ ኮሜዲዎች እንደሚያቀርብ ለሕዝብ ቃል ገባና ቃሉን ፈጸመ።

በጭምብሉም ላይ የወሰደው እርምጃ እንደዚሁ ነበር። አስቀድሞ ከጭምብሉ በታች ያለውን ጠባይ ለወጠ፤ መሳቂያ የነበረው ስስታሙ ጰንጠሎኔ በእሱ እጅ ታማኝና የተከበረ ነጋዴ ሆነ። በኋላም ጭራሽ ጭምብል የሌለባቸውን ቴአትሮች ጻፈ። በ1753 ዓ.ም. በወጣው «የእንግዳ ማረፊያዋ እመቤት» በተባለው ሥራው፣ አንዲት ብልህ ሴት የሚከጅሏትን መኳንንት ሁሉ ትታ የቤቷን አሽከር ታገባለች። በእርጅናው ዘመን በፈረንሳይኛ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ያቀረበው ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቢደሰትም ቢያዝንም ፊቱ ያው አንድ ስለሆነ፣ የነፍሱን ስሜት ለተመልካች ሊያሳይ አይችልም።

ከሥራዎቹ ሁሉ የእኔን ልብ የነካው ግን በ1762 ዓ.ም. ያቀረበው የኪዮጃ ዓሣ አጥማጆች ጠብ ነው። ጎልዶኒ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1728 ዓ.ም. ገደማ፣ በኪዮጃ ወደብ በወንጀል ፍርድ ቤት በረዳት ጸሐፊነት አገልግሎ ነበር። በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ የዓሣ አጥማጆችንና የሚስቶቻቸውን ክርክር ሲሰማ ኖረና፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በመድረክ ላይ አወጣው። በቴአትሩ ውስጥ ጠቡ የተነሣው ከአንድ ቁራሽ ጥብስ ዱባ ነው። ነገሩ ከዱባ ወደ ስድብ፣ ከስድብ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ተመልካቹ ከት ብሎ ይስቃል፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እንደሚዋደዱ፣ ባሕሩን እንደሚፈሩ፣ ክብራቸውን እንደሚወዱ ያውቃልና ሳቁ አይንቃቸውም። ጸሐፊው ሰዎቹን ከመድረክ በፊት አዳምጧቸው ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ከራሴ ጠረጴዛ የሰማሁትን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሽማግሌ አቤቱታቸውን ሲያስመዘግቡ፣ «አባቴ፣ ሙሉ አድራሻዎን ይንገሩኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ አድራሻዬ ከጉና ሥር ነው፤ ጉና ከጠፋባችሁ ያን ጊዜ እኔም ጠፋሁ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። በቢሮው የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ እሳቸውም አብረውን ሳቁ። በዚህ ሳቅ ውስጥ ሞኝ የሆነ ሰው ቢኖር ቅጹ ነበር እንጂ ሽማግሌው አልነበሩም። ፊቱን አመድ የተቀባው ተዋናይ እንዲህ ያለ አንድ ቃል እንኳ ሊፈጥር አልቻለም፤ ምክንያቱም የጭምብሉ ሥራ ባላገሩን ማናገር ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው።

በጎልዶኒ ላይ የተነሣው ተቃውሞም ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ካርሎ ጎዚ የተባለ መኮንን ባለቅኔ፣ ቃልን በወረቀት ማሰር የተዋንያንን ሕያው ጥበብ ይገድላል ብሎ ተከራከረው። በ1761 ዓ.ም. ባቀረበው ተረታዊ ቴአትርም ተሳለቀበት፤ ሕዝቡም ወደ ጎዚ አዘነበለ። ጎልዶኒ በሚቀጥለው ዓመት አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ሠላሳ ዓመት ከኖረ በኋላ፣ የንጉሡ ጡረታ በአብዮቱ ምክንያት ተቋርጦበት፣ በ1793 ዓ.ም. በድኽነት ሞተ። የፈረንሳይ ሸንጎ ጡረታው እንዲመለስለት የወሰነው በሞተ ማግስት ነበር።

የጎዚ ክርክር እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም። እዚያው በተመልካች ፊት ቃል መፍጠር ታላቅ ጥበብ መሆኑን ለእኛ አገር ሰው ማስተማር አያስፈልግም። አዝማሪው ከአድማጩ የተቀበለውን አሳብ ወዲያው በግጥም ይመልሳል። የቅኔ ተማሪም የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ አይመሰገንም። መድረክ ላይ የሚሳቅበት ይህ አገር ደግሞ የድጓው ምስክር ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ዙር አባ በጋይንት፣ የቆማ ዜማም በእስቴ የሚገኙበት የሊቃውንት አገር ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ዜማ ለመማር ተማሪው በእግሩ ወደዚህ ሲመጣ ኖሯል። እንግዲህ ጥፋቱ ቃልን በቃል ከመፍጠር የሚመጣ አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው፣ ተዋናዩ አዲስ ቃል መፍጠሩን ትቶ የተዘጋጀ ፊት ብቻ ሲያጠልቅ ነው።

ጭምብልም ቢሆን ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በሩሲያ አገር ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ሲጽፉ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ብለው ሰየሙት። ሰውን በእንስሳት መልክ እያናገሩ የመንግሥቱን ሥራ ጉድለትና የሹማምንቱን ጠባይ ነቀፉ። ባለሥልጣኖቹም ከአውሬው ፊት ሥር የማን ፊት እንዳለ አላጡትምና፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሥራው ታገደ። በዚህ ቴአትር ጭምብሉን ያጠለቀው ወደ ላይ የሚናገር ሰው ነበር። ደካማ ለኃያል ሲናገር ፊቱን ቢሸፍን ጥንቃቄ ነው፤ ኃያል በደካማ ለመሳቅ ጭምብል ቢያጠልቅለት ግን ግፍ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ አቶ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን በጻፉ ጊዜ የሳቁን አቅጣጫ አቀኑት። በመጀመሪያው የጠለፋ ጋብቻ፣ በሁለተኛው ውጭ አገር የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ማግባቱ የሚያስነሣው ጭቅጭቅ ይታያል። በሁለቱም ውስጥ የተማረው ሰው ከሳቁ አያመልጥም። አዲሱንና አሮጌውን አሳብ በአንድ ራስ ተሸክሞ ሲንገዳገድ ተመልካቹ ራሱን ያያል፤ አይቶም ይስቃል። ይህ ጎልዶኒ ከደከመለት ነገር የራቀ አይመስለኝም።

በየትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ለምታቋቁሙ መምህራንና ተማሪዎች የማቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም። ባላገርን በመድረክ ላይ ለማሳየት የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ አንድ የገበያ ቀን በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ገበያ ተቀምጦ ያዳምጥ። የሰማውን አነጋገር፣ የሰዎቹን ስምና ምሥጢር ትቶ፣ በደብተሩ ይጻፍ። ከዚያም የጻፈውን ለአንድ ገበሬ ያንብብለት። ገበሬው ራሱን አውቆ ከሳቀ፣ ተማሪው ኮሜዲ ጽፏል ማለት ነው። ገበሬው ዝም ካለ ግን ጽሑፉ ገና ከጭምብል አልወጣምና እንደገና ሄዶ ያዳምጥ።

ባላገሩ ከድርቅ፣ ከግብርና ከክርክር የተረፈችውን ጊዜ በሳቅ የሚያሳልፍ ሕዝብ ነው። ሳቁ የእሱ ሀብት ነው። ከእሱ ወስደን በእሱ ላይ ከምናዞርበት፣ ቃሉን ከነለዛው መዝግበን መልሰን ብንሰጠው ቴአትራችን ያድጋል፤ ከተማና ገጠርም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሳይተፋፈሩ አብረው ለመሳቅ ይችላሉ።