የዓይንጋዲ ገደል፤ በምድረ በዳ የሚፈስ ውሃ

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ዓይንጋዲን በስም ያውቃታል። ንጉሥ ሳኦል 3,000 ሰዎች አስከትሎ ዳዊትን ያሳደደው፥ ዳዊትም በዋሻ ውስጥ የንጉሡን ልብስ ጫፍ ቆርጦ ነፍሱን የማረለት በዚህ ምድረ በዳ ነው። የስሟም ትርጓሜ የፍየል ግልገል ምንጭ ማለት ነው።

ሥፍራዋ በእስራኤል አገር፥ በሙት ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። የሙት ባሕር ዳርቻ ከውቅያኖስ ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ በየብስ ላይ ከዚህ የጠለቀ መሬት አይገኝም። ከባሕሩ በላይ የይሁዳ ተራራ እንደ ግንብ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት አንዲት ቅጠል እንኳ የሚያበቅል አይመስልም።

ነገር ግን በዳዊት ስም ወደሚጠራው ገደል የገባ መንገደኛ ወዲያው ይደነቃል። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃና አቀበት ቢኖረውም ጤናማ ሰው አይቸግረውም። ግራዋ ቀኙ ሸምበቆ ነው፤ የአገራችን ቆላ የሚያውቃቸው ግራርና ቁርቁራም እዚያ በቅለዋል። ሽኮኮው በዓለቱ ሥር ይሽሎከለካል፤ የስሜኑ ዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የበረሃ ፍየል ደግሞ ቆልማማ ቀንዱን አንሥቶ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ይመለከታል። በመጨረሻም 36 ሜትር ከፍታ ያለው ፏፏቴ ይታያል።

ይህ ሁሉ ውሃ ከወዴት መጣ? ዓይንጋዲ ራሷ ዝናብ እምብዛም አታገኝም። ውሃው በኢየሩሳሌምና በኬብሮን አካባቢ ባሉት ደጋዎች ላይ የዘነበ ነው። በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ፥ ለብዙ ዓመታት በምድር ውስጥ ተጉዞ፥ እዚህ ከተራራው እግር ይፈልቃል። ስለዚህም በጋ ከክረምት አይነጥፍም።

ሆኖም መሬት ውስጥ የሰረገው ዝናብ ሕይወት ሲሆን፥ ሳይሰርግ የወረደው ሞት ሊሆን ይችላል። በተራራው ራስ ላይ ዶፍ ሲጥል፥ ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፥ ደረቁ ገደል በደራሽ ጎርፍ ይሞላል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከሙት ባሕር በስተደቡብ በሚገኝ ሌላ ገደል ለጉዞ የገቡ 10 ወጣቶች በዚህ ዓይነት ጎርፍ ሕይወታቸው አልፏል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥፍራ ለማየት የሚነሣ ወጣት ማለዳ ይነሣ፤ ኮፍያና በቂ ውሃ ይያዝ። ከሁሉ በፊት ግን በደጋው ዝናብ እንዳለ ጠባቂዎቹን ይጠይቅ። «የለም» ሳይሉት ወደ ገደል አይግባ።