ቲቸር፣ የ11ኛን ፊዚክስ ከአሁኑ ልጀምር?



ሰሞኑን ሜሴንጀሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። «ቲቸር፣ ናቹራል ልግባ ሶሻል?» «መምህር፣ ልጄ ገና 9ኛ ናት፣ የ11ኛን ፊዚክስ ከወዲሁ ብታነብ ይጠቅማት ይሆን?» ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ምክር ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከግሼ በኩል መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ በየሳምንቱ ስንቅ ልታመጣ በእግሯ የምትመላለስ ልጅ። 10ኛን ስትጨርስ መጣችና «ቲቸር፣ ናቹራል ልሙላ ብዬ ነበር፣ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ውጤቷን አየሁ፤ ፊዚክስ 58። «ሶሻል ይሻልሻል፣ ለምን ትደክሚያለሽ» አልኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሷም እሺ ብላ ሄደች።

አምና በዚሁ በፌስቡክ ጻፈችልኝ። ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ እንዲህ ትላለች፦ «ቲቸር፣ ያኔ 58 ያመጣሁት አባቴ ታሞ አንድ ወር ስለቀረሁ ነበር። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።» ወቀሳ የለበትም፣ ዝም ብላ ነው የነገረችኝ። አሁን ሥራ ይዛለች፣ ደህና ናት። ሐሳቧ ግን ነርስ መሆን ነበር። እኔ ያን ቀን ማርኩን አየሁ እንጂ ደብተሯን አልገለጥኩም። ለምን ዝቅ እንዳለም አልጠየቅኩም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚገርመው ደግሞ እኔ ራሴ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ተምሬ አላውቅም። እኔ 10ኛን ጨርሼ በዲፕሎማ ወደ መምህርነት የገባሁ ሰው ነኝ። የመምህር እጥረት ስላለ ሃይስኩል ማስተማር ጀመርኩ፤ የ11ኛውን መጽሐፍ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ለብቻዬ፣ ማታ ማታ ነው። ስለዚህ በ16 ዓመት የሚወሰን ነገር ስንት ዓመት እንደሚከተል አውቀዋለሁ። አውቄም ለሷ በሁለት ደቂቃ ወሰንኩላት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ።

«ሶሻል ይቀላል» የሚለውን ወሬ መጀመሪያ እንተወው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና (የተሰጠው በ2015 መግቢያ ላይ ነበር) ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ 22,936ቱ የናቹራል፣ 6,973ቱ የሶሻል ናቸው። የተፈታኙ ቁጥር ግን በሶሻል ይበዛ ነበር። ከመቶ ሲሰላ ከናቹራል ወደ 7 የሚጠጉ፣ ከሶሻል ከ1 ትንሽ የሚበልጡ አለፉ። ይሄ ናቹራል ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጠንካራ የሚባለውን ልጅ ሁሉ ወደዚያ እየላክን፣ ሌላውን «አንተ ሶሻል ግባ» ስንል የመጣም ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ሶሻል ማምለጫ እንዳልሆነ ነው። ሒሳብም እንግሊዝኛም እዚያ ይጠብቃችኋል። ሶሻል የሚገባ ሰው ታሪኩን፣ ጂኦግራፊውን፣ ኢኮኖሚክሱን ወዶ ይግባ፣ ፊዚክስን ፈርቶ አይግባ።

ሌላው ደግሞ በሩ በሁለቱም በኩል እኩል አይከፈትም። ናቹራል የተማረ ልጅ ኋላ ወደ ሶሻሉ መስክ ልዞር ቢል መንገድ አያጣም። ከሶሻል ተነስቶ ምህንድስና ወይም ሕክምና መግባት ግን በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ «ሶሻል ግቢ» የሚል ሰው፣ እንደኔ በሁለት ደቂቃ መናገር የለበትም።

አሁን «ከወዲሁ ልጀምር ወይ» ወደሚለው ልምጣ። ዘንድሮ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የ11ኛን ፊዚክስ መጽሐፍ ከታላቅ ወንድሙ ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ነገሩ የተነሳው ከንፍሮ ነው። እናቱ ባቄላ ስትቀቅል ይቆያል፤ መርሐቤቴ ቆላ፣ ጀማ በኩል ያለው አጎቱ ቤት ግን ቶሎ ይበስላል። «እንጨቱ ነው» ብለውት አላመነም። ነገሩ እንጨቱ አይደለም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በኋላ ብታነዱት ብታነዱት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ቆላ ስትወርዱ ግፊቱም የመፍያው ሙቀትም ከፍ ይላል፣ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል።

ልጁ መጽሐፉን ይዞ «ቲቸር፣ ሁሉንም ላንብበው?» አለኝ። ወዲያው እሺ ወይም እንቢ ማለት አልፈለግኩም። አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ሳምንት ሰጠሁት። «ሁለት ድንጋይ ከእኩል ከፍታ ላይ አለ። አንዱን ዝም ብለህ ልቀቀው፣ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ወርውረው። ቀድሞ መሬት የሚነካው የቱ ነው?»

በሳምንቱ ደብተሩን አመጣ። መጀመሪያ «የተለቀቀው ይቀድማል፣ መንገዱ አጭር ነው» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ ሙከራ፣ እሱም ተሰርዟል። ከዚያ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ካቡ ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው፣ ከታች ቆርቆሮ አነጠፉ። አንዱን ገፉት፣ አንዱን ለቀቁት። «ቲቸር፣ ሁለት ድምፅ ስጠብቅ አንድ ብቻ ሰማሁ። ስንት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው። ግን ለምን?» አለኝ።

ያኔ ይሄ ልጅ መጀመር እንደሚችል ገባኝ። መልሱን ስላገኘ አይደለም፤ ምክንያቱን ገና አያውቀውም ነበር። ሁለቴ ተሳስቶ ግን መጽሐፉን አልጣለውም። (መልሱን ለምትፈልጉ፦ ወደ ፊት የመሄዱ ፍጥነት ወደ ታች የመውደቁን ፍጥነት አይነካውም። ሁለቱን ወደ ታች የሚስባቸው ስበት አንድ ዓይነት ነው።)

ሁሉን አንብብ ግን አላልኩትም። የ11ኛው ፊዚክስ ገና ሲጀመር ቬክተርን፣ ትንሽ ቆይቶም በሁለት አቅጣጫ የሚደረግ እንቅስቃሴን ይዞ ይመጣል። ሳይንና ኮሳይን ያልገባው፣ ከአንድ ቀመር ውስጥ የጎደለውን አውጥቶ ማስላት የማይችል ልጅ ቀመር ሸምድዶ ይወጣል። ኋላ 11ኛ ሲደርስ «ይሄንን አውቀዋለሁ» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል፤ እሱ ካለመጀመር የባሰ ነው። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የራሱን የ9ኛ ክፍል ሒሳብ በደንብ ይጨርሳል፤ ከ11ኛው መጽሐፍ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ይሠራል፤ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል እየጻፈ በራሱ አማርኛ ይፈታል። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ፊዚክሱ ከብዶት ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ነው።

አባቱን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «መምህር፣ ልጁ ሌሊት የሚያነበው መጽሐፍ የክፍሉ አይደለም ይሉኛል፤ ያሳብደው ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ አያሳብደውም። ማታ እንቅልፉን ይተኛ፤ ቀን ግን አንድ ሰዓት ይፈልጋል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ከትምህርት መልስ በጎቹን ታናሽየው ይያዛቸው» አሉ። ለአንድ የመንዝ ገበሬ ይሄ ትንሽ ውሳኔ አይደለም። ታናሽየውም ተማሪ ነውና እሱንም አደራ ብያቸዋለሁ።

ይሄ ልጅ 11ኛ ሲደርስ ናቹራል ይግባ ሶሻል አላውቅም። እሱ ይወስናል። የኔ ሥራ ደብተሩን ማየትና መጠየቅ ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ አደራ፣ ልጆቹ ለምርጫ ሲመጡ ካርዱን ብቻ አይታችሁ አትመልሷቸው። «ይሄ ለምን ዝቅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም እንደዚያው።

አንቺ የግሼዋ ልጅ፣ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ፣ ይቅርታ። በሜሴንጀር ብዬሻለሁ፣ ግን ሰው ፊት የተሰጠ ምክር ባይሆንም ሰው ፊት ልመልሰው ብዬ ነው።

ልጆቻችን ሳይቋረጡ የሚማሩበት ሰላም ይስጠን። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንደምንም እመልሳለሁ።