ሩዝ ለጉርሻ አይመችም

ባለቤቴ ትኩስ ምግብ በልታ አታውቅም። ትኩስ ጠልታ አይደለም፤ መጀመሪያ ፎቶ መነሣት ስላለበት ነው። ሽሮው ሲንተከተክ አንድ ጊዜ፣ ከምድጃ ሲወርድ አንድ ጊዜ፣ እንጀራው ላይ ሲፈስ ደግሞ ሌላ ጊዜ … እኔ እጄን ታጥቤ እጠብቃለሁ። “ኧረ እንብላ” ስላት “ቆይ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው” ትለኛለች። መቼስ ሽሮ ብርሃን ምን ያደርግለታል!

ሽሮውስ ይሁን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ካሜራው ከሽሮው ወደ እኔ ሲዞር ነበር። ፎቶ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርትና ለምረቃ ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አፌ ሙሉ ሆኖ፣ ያውም በሚስቴ እጅ ስጎርስ? ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ጎልማሳ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ሲጎርስ የቀድሞ ተማሪው ቢያየው ምን ይላል?

ለነገሩ ያስተማርኩት ፍቅር ጓዳ የሚገባ ዓይነት አልነበረም። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አላስታውስም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይዋደዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ይሞታሉ፤ እኛም እናዝናለን። ተጋብተው ሠላሳ ዓመት ቢኖሩ ኖሮ ሽንኩርቱን ማን ይልጥ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም።

የእኛ ፎቶም ቢሆን ጨዋታ አያውቅም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ለነገሥታቱ አገልግለዋል። ያ የዙፋን አቀማመጥ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ፎቶ ቤት የወረደ ይመስለኛል። የየቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ባል ወንበር ላይ ፍርድ ሊሰጥ እንደተዘጋጀ ዳኛ ይቀመጣል፤ ሚስት ከኋላው ቆማ እጇን ትከሻው ላይ ጣል ታደርጋለች። ጥርስ አይታይም።

ወረታ የሚገኘው የአማቾቼ ቤት ግድግዳ ላይም እንዲህ ያለ ፎቶ ነበር። አማቴ ባሕር ዳር ወርደው ከእማማ ጋር የተነሡት ነው። እኔ በሕይወት ስላልደረስኩባቸው የማውቃቸው በዚያ ፎቶ ብቻ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይሉኝ ነበር። ወንድ እንዲህ ነው የሚቀመጠው እል ነበር።

ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ እማማን ልንጠይቅ ከባሕር ዳር ተነሣን። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ባለቤቴ በሚኒባሱ መስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ ፎቶ ታነሣለች። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ የጣና ተቀጥላ ነው የሚመስለው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምትማ ጎርፉ ስንቱን ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ያን ቀን ግን ውኃው ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ ሆኗል። አጫጆቹ ጎንበስ ብለው ተሰልፈዋል። ውኃ የሚተኛበት ያ መሬት ዱሮ ለፎገራ ላም ግጦሽ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ለጓያና ለሽምብራ ነበር። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መክረው፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተጀመረ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው።

እማማ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ፣ የተጠበሰ ቆሮሶና አይብ አቀረቡ። በጎን ደግሞ ቅቤና በርበሬ የነካ ቅቅል ሩዝ አለ። “ይኸ እንኳ ለጨዋታ ነው” አሉና ወጋቸውን ጀመሩ።

“የልጆቼ አባት ከማኅበሩ ሩዝ ይዘው መጡ። ምን እንደሚደረግ ማን ያውቃል? ቀቀልኩት። ንፍሮ ልበለው፣ ቅንጬ ልበለው! እንጀራ ላይ ባደርገው እንደ ጉንዳን ይበተናል። ‘ይኸ ለጉርሻ አይመችም’ አሉና ሊያጎርሱኝ ቢሞክሩ ግማሹ ደረቴ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ! እኔም ‘አንድ ያጣላል’ ብዬ መለስኩላቸው። ምኑ ይጎረሳል፣ ጢማቸው ላይ ቀረ። እንዲያ ስንላፋ አመሸን። በሩን በመወርወሪያ ዘግተን ነው እንግዲህ። ጎረቤት ቢያይ ምን ይባላል?”

ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁ። “እኒህ? እኒህ ናቸው የላፉት?”

“ታዲያ ልጄ፣ ፎቶው መቼ ማታ ተነሣ!”

እኔ ለካ ከአማቴ የወረስኩት የቀኑን ፊት ብቻ ኖሯል። መወርወሪያ ሳያስፈልገኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ ማታም ያንኑ ፊት አልፈታውም ነበር።

እማማ ወጋቸውን በተግባር ሊያሳዩኝ አንድ እፍኝ ሩዝ አንሥተው ወደ አፌ ሰነዘሩ። ሩዙ ሸሚዜ ላይ ተበተነ። ሴትየዋ ከልባቸው ሳቁ፤ ሻሻቸው እስኪንሸራተት። ባለቤቴ ስልኳን አነሣች። እኔም እንደ ልማዴ “ኧረ ተይ!” ብዬ መዳፌን ወደ ካሜራው ዘረጋሁ።

እማማ ግንቦት 2013 ዓ.ም. አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ተፈለገ። ባለቤቴ ስልኳን ስታገላብጥ የዚያን ቀኑ ፎቶ ወጣ። ቆሮሶው አለ፣ አይቡ አለ፣ የተንሸራተተው ሻሽ አለ። የእማማ ዓይኖች ይስቃሉ። ከአፍንጫቸው በታች ያለው ግን የእኔ መዳፍ ነው። ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ልጁ በኮምፒውተሩ አጉልቶ ሲያየው ቆየና፣ “ጋሼ፣ እጁን ማጥፋት ይቻላል። ከሥሩ ያለውን አፍ ግን ከየት አመጣለሁ?” አለኝ።

የመታወቂያ ጉርድ ፎቶአቸው ተነፍቶ ተሰቀለ። ለቀስተኛው እያየ “እሳቸውን አይመስልም” ይላል። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት፣ ወረታ እንደ ልብ አልሄድንም። የፎገራ ሩዝ ግን ባሕር ዳር ገበያ አይጠፋም። ባለፈው ቅዳሜ ገዛሁና፣ ሽንኩርቱን እኔ ላጥኩ፣ እሷ ሠራች። ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣችው። ቀዘቀዘ። ከዚያ በእጇ ዘግና ወደ አፌ ሰነዘረች፤ በሌላው እጇ ስልኩን ይዛለች። መዳፌ ከጠረጴዛው ሲነሣ ታወቀኝና ጉልበቴ ሥር ሸጎጥኩት። ፎቶ ነውና ሳቅ ማለት አለብኝ ብዬ ጥርሴን ገለጥኩ። ሩዙ አገጬ ላይ ፈሰሰ።

“መምህር፣” አለችኝ፣ “ሳቅ መች አልኩህ? አፍህን ክፈት ነው ያልኩህ።”