8 በ37፦ በሊሙ ቡና ጥላ ሥር

ካርታ ላይ አግድም የተሰመሩት መስመሮች ኬክሮስ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩት ደግሞ ኬንትሮስ ይባላሉ። አገራችን በሰሜን ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ውስጥ ትገኛለች። ይህንን በትምህርት ቤት ያልሸመደደ የለም። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

ጥያቄውን ያነሣው የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቆይቶ፣ 8 ዲግሪ ሰሜንና 37 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገናኙት ከሊሙ ገነት ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ መሆኑን አገኘ። በቀጥታ መስመር ሲለካ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔም ወጣት ነርስ ሳለሁ በጅማ አካባቢ ስላገለገልኩ አገሩ ናፍቆኝ ነበርና ባለፈው ኅዳር አብረን ሄድን።

ሊሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው የሊሙ ኢናርያ አገር ነው። ዛሬ ስሙ በዓለም ገበያ የሚታወቀው በታጠበ ቡናው ነው። ኅዳር የለቀማ ወቅት በመሆኑ መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞልቷል። ባጃጁ እስከቻለበት አደረሰን፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃውን አስፈቅደን በእግራችን ገባን።

ቡናው ያለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ ከላይ ዣንጥላ ሆነውለታል። ፀሐዩን ይከላከሉለታል፣ የሚረግፈው ቅጠላቸውም አፈሩን ይመግባል። ለቃሚዎቹ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ቀዩን እሸት ብቻ እየመረጡ ይለቅማሉ። ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ። ቁልቁለቱ እርጥብ ቅጠል ስለለበሰ ያንሸራትታል፤ እኔ በምርኩዝ፣ ልጁ በሩጫ ወረድን።

ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ግን ይሠራል። ጂፒኤስ የሚመጣው ከስልክ ማማ ሳይሆን ከሳተላይት ነው፤ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ከደረሰው ያለንበትን ያውቃል። ችግሩ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ምልክቱን ያዳክመዋል። ወደ ነጥቡ ስንቀርብ ቁጥሩ መዋለል ጀመረ። ልጁ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያለ በቡናው መካከል ተመላለሰ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ለቃሚ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው በኦሮምኛ «ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። በሳቅ ፈረሱ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን አቆሙና «ይኼ ነገር የእኔንስ ቤት ያውቃል?» አሉ። ምራታቸው ወሯ ገብቷል። ቤታቸው ከመኪና መንገድ ገባ ያለ ስለሆነ፣ ሌሊት ምጥ ቢመጣባት ሹፌር እንዴት እንደሚያገኘው ሲያስጨንቃቸው ከርሟል።

ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ሌሊት ሮጦ የመጣ ባል ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠየቅ «ከዋርካው በታች፣ ከወንዙ ማዶ» ይላል። ለእሱ ይህ በቂ ነው፤ ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሹፌር ግን በጨለማ ዋርካው ሁሉ አንድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም እናትን በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። በፍለጋ የሚባክነው ደቂቃ ከዚያው ላይ የሚቀነስ ነው።

ልጁ በመጨረሻ «8.0000፣ 37.0000» ብሎ ጮኸ። የቆመበት ቦታ ሌላ ምልክት የለውም፤ ደረቅ ቅጠልና ቡና ብቻ። ፎቶ አነሣንና ወደ ሴትዮዋ ቤት አቀናን። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጻፈላቸው። ምራቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከእርግዝና ክትትል ካርዷ ጋር አስቀመጠችው። ልጁ ከነጥቡ ይልቅ በዚያ ወረቀት ሲኮራ አየሁት።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ እናንተም ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ቤታችሁን በጣት ተጭናችሁ ያዙት፤ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ከነጥቡ በኋላ 4 አኃዝ ይበቃል፤ አራተኛው አኃዝ የሚለየው 11 ሜትር ያህል ነው። በትልቁ ጽፋችሁ ከበር ጀርባ ለጥፉት፤ ገጠር ላሉት እናትና አባታችሁም እንዲሁ አድርጉላቸው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስትደውሉም ሆነ ባለመኪና ጎረቤት ስትጠሩ ቁጥሩን አንብቡ። ከዚያም አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ መንገድ ዳር ይቁም፤ ቁጥሩ ሹፌሩን እስከ ሰፈሩ ያመጣዋል፣ እስከ ደጃፉ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው።